ቀለም ሲፈስ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው አክሪሊክ ቀለምን በብሩሽ ሳይሆን ሸራ ላይ በማፍሰስ ስለመሳል ከጻፍኩ ወዲህ ጥያቄው በዝቶብኛል። ጥቂቱን ልመልስ።

«አምስት ቀለም አፈስሳለሁ፣ መጨረሻ ላይ ግን ሁሉም ቡኒ ጭቃ ይሆናል። ምን እያጠፋሁ ነው?»

ዝርዝርሽን አየሁት፤ ቀይና አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ብርቱካንማ ጎን ለጎን አሉ። እነዚህ ሲደባለቁ ይጠፋፋሉ፤ የሚቀረው ቡኒ ነው። እስቲ በዘመዳሞች ጀምሪ፦ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ፣ ሮዝ። እነሱ ቢቀላቀሉም አይጣሉም። ተቃራኒ ካማረሽ ደግሞ ከማፍሰስሽ በፊት ቀለሞቹን ኩባያ ውስጥ ስትደራርቢ መሃላቸው ነጭ አስገቢ። ቀለሙ እንዲዳረስ ሸራውን ማዘንበልም አታብዢ! ብዙዎቻችን ሥዕሉ ካማረ በኋላ «ትንሽ ልጨምር» ብለን ነው የምናበላሸው።

«እንደ እንጀራ ዓይን ያለው ክብ ክብ ነገር እንዴት ይመጣል? ቀለሙ ላይ የሲሊኮን ዘይት ጠብ ማድረግ የግድ ነው?»

የግድ አይደለም። የእንጀራ ዓይን ሊጡ ሲቦካ ከሚፈጠረው ጋዝ ነው የሚመጣው፤ ይሄኛው በዋናነት ከክብደት። ቀለሞች እኩል አይከብዱም። ታይታኒየም ነጭ ለምሳሌ ከብዙዎቹ ይከብዳል። ከባዱን ከላይ ስታፈሰው ወደ ታች ይሰምጣል፣ ቀላሉ በመሃሉ እየሰነጠቀ ይወጣል። ዓይኑ ያ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የሜክሲኮው ሠዓሊ ዴቪድ አልፋሮ ሲኬይሮስ በ1936 (እ.ኤ.አ.) ኒው ዮርክ ውስጥ በከፈተው የሙከራ አውደ ጥናት ቀለም በቀለም ላይ እያፈሰሰ ይሠራ ነበር። ከተሳታፊዎቹ አንዱ ያኔ ገና ያልታወቀው፣ በኋላ ቀለም በማንጠባጠብ ዝነኛ የሆነው አሜሪካዊ ሠዓሊ ጃክሰን ፖሎክ ነው። በ2015 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የሜክሲኮ ተመራማሪዎች ይህንኑ አሠራር በቤተ ሙከራ ደግመው ምስጢሩ የክብደት ልዩነት መሆኑን አሳዩ። ስለዚህ «እንዳጋጣሚ ወጣልኝ» ስትል ግማሹ እውነት ነው። የትኛው ቀለም ከላይ እንደሚሆን የወሰንከው አንተ ነህ።

ሲሊኮን ከተጠቀምክ አንድ ሁለት ጠብታ ይበቃል። ሲደርቅ ዘይቱን በደንብ ጥረገው፤ አለዚያ ቫርኒሽ አይይዝልህም።

«ማቅጠኛው ውድ ነው። የእንጨት ነጭ ኮላ ይሆናል?»

ለልምምድ ይሆናል፤ ለሚሸጥ ሥዕል አልመክርዎትም። ውሃ ብቻም አያብዙበት፣ ቀለሙ የሚይዘው ነገር ያጣል። ከማንኪያ ሲወርድ እንደ ቀጭን አጥሚት ሳይቆራረጥ ከፈሰሰ ልክ ነው።

«ማታ ደማቅ የነበረው ጠዋት ጠቆረብኝ።»

አክሪሊክ ነው፣ ልማዱ ነው። ቀለሙን የሚያጣብቀው ነገር እርጥብ እያለ ወተት ይመስላል፣ ሲደርቅ ይጠራል። ያኔ ቀለሙ ይጠቁራል። አስቀድመሽ ቁራጭ ካርቶን ላይ ሞክሪ።

«ቶሎ እንዲደርቅ ፀሐይ ላይ አወጣሁት፣ ተሰነጣጠቀ።»

ከላይ ቆዳ ሠርቶ ከታች ገና እርጥብ ስለነበር ነው። ጥላ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ተወው። የምታስቀምጥበትን ጠረጴዛ በግንበኛ ውሃ ልክ ለካው፤ ካዘነበለ ሥዕልህ ሌሊቱን ወደ አንድ ጥግ ሲሸሽ ያድራል። (በእኔ ደርሷል። ጠዋት ስነሳ ግማሹ ወለል ላይ ነበር።)

«ባለቤቴ 'ይሄ ሥዕል ነው ወይስ የተደፋ ቀለም?' ይለኛል።»

አንዱን ብቻ አታሳዪው። በሦስት ቀለም ብቻ አሥር ሸራ ሥሪ፤ በየአንዳንዱ የነጩን መጠን ብቻ ለውጪ። አሥሩን ግድግዳ ላይ ደርድሪና ጠይቂው። ያኔም ካልወደደው፣ እንግዲህ አልወደደውም።

«የተረፈውን ሲንክ ውስጥ ልድፋው?»

ኧረ በፍጹም! ሲደርቅ ፕላስቲክ ነው፣ ቧንቧ ይዘጋል። ላስቲክ ላይ አፍስሰው ያድርቁት፣ እንደ ቆዳ ይላጣል። እኔ ቆራርጬ የጆሮ ጌጥ ሠርቼበታለሁ፤ ሰማያዊው እስካሁን አልደበዘዘም።