አንድ ጊታር፣ አንድ ድምፅ፣ የመጀመሪያ አልበም፦ ከደሴ ጥያቄና መልስ

ደሴ ውስጥ ጊታር መምታት ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። በቅርቡ ሦስት ወጣት ድምፃውያን በጊታር ብቻ የመጀመሪያ አልበማቸውን ሲሠሩ አብሬያቸው ነበርኩ። አንዱ ላይ መታሁ፣ አንዱ ላይ ቀረጻውን ያዝኩ፣ ሦስተኛው ላይ ሻይ ከማፍላት በቀር ፋይዳ አልነበረኝም። ዛሬ ከሰዓት ነፃ ነኝ፤ የፈለጋችሁትን ጠይቁ።

ጋሼ፣ ያለ ኪቦርድና ያለ ድራም ሙሉ አልበም ቢወጣ ሰው አይሰለችም?

አስናቀች ወርቁን በክራሯ ብቻ ስትሰማ ሰልችቶህ ያውቃል? ማሲንቆስ ያለው አንድ ክር አይደለም? ሰው የሚሰለቸው ዐሥሩም ዘፈን በአንድ ምት፣ በአንድ ፍጥነት፣ በአንድ ቅኝት (ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል በምንላቸው የዜማ መንገዶች በአንዱ ብቻ) ሲደረደር ነው። ዘፈኖችህን ወረቀት ላይ ደርድር፤ ከጎናቸው ቅኝታቸውንና ፍጥነታቸውን ጻፍ። ሦስት ዝግ ያሉ ትዝታዎች ከተከታተሉ አንዱን አንሣው። ለመጀመሪያ አልበም ስምንት ወይም ዘጠኝ ዘፈን ይበቃል። ዐሥራ አራት ይዞ የሚመጣ ልጅ አምስቱን የጨመረው ለቁጥር ነው።

አንድ የአምባሰል ዘፈን አለኝ። ኤ ማይነርና ኤፍ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) እያፈራረቅኩ ስመታው እናቴ «ይሄማ ትዝታ ነው» አለችኝ። ምን አጥፍቼ ነው?

እናትህ ጆሮ አላቸው! ይሄ ጥያቄ ስለመጣ ደስ ብሎኛል፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ከኢ ተነስተህ አምባሰል ስትሄድ ድምፆቹ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ናቸው። አሁን ከኤ ተነስተህ ትዝታ ማይነር ሂድ፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ። አምስቱም እነዚያው ናቸው። ልዩነቱ ዜማው የሚያርፍበት ቦታ ነው፤ አምባሰሉ ኢ ላይ ያርፋል፣ ትዝታው ኤ ላይ። አንተ በየስንኙ መጨረሻ ኤ ማይነር ስትመታ ማረፊያውን ወደ ኤ ጎተትከው። ድምፅህ አምባሰል እየዘፈነ ጊታርህ ትዝታ ይመታል፤ እናትህ የሰሙት ጊታሩን ነው።

መፍትሔው ጣት ማንሳት ነው። ኤ ማይነር ስትይዝ ሁለተኛው ክር ላይ መጀመሪያው ፍሬት (አንገቱን የሚከፋፍለው ብረት) ላይ ያለችዋን ጣት አንሣት፤ ቢ ክፍት ይሁን። አራተኛውና ሦስተኛው ክር ሁለተኛ ፍሬት ላይ እንደተያዙ ይቆዩ። አሁን ስድስቱንም ብትመታ የሚወጣው ኢ፣ ኤ፣ ኢ፣ ኤ፣ ቢ፣ ኢ ነው። ሁሉም የአምባሰል ድምፅ ነው፣ ማይነር ነው ሜጀር ነው የሚል አዛዥ የለበትም። ስንኙ ሲያልቅ ወፍራሙን ኢ ብቻውን በአውራ ጣት ምታውና ዝም በል። ኤፍን መሐል ላይ ለማለፊያ ተጠቀምበት እንጂ አትኑርበት።

ማሪቱ ለገሠን በማሲንቆ ታጅባ ስትዘፍን አድምጥ። ማሲንቆው ድምፁን ጥላ ሆኖ ይከተላል፤ ኮርድ የሚባል ነገር የለውም። ጊታር ስድስት ክር ስላለው ብቻ ስድስቱም ሁልጊዜ መናገር አለባቸው ያለ ማነው?

ባቲስ እንዲሁ ያስቸግራል?

ባቲማ ከጊታር ጋር የተወለደ ይመስላል። ምንም ሳትይዝ ስድስቱን ክር ብትመታ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ነው የምታገኘው። እነዚህ ባቲ ማይነር የምንለው አምስቱ ድምፆች ናቸው፣ ማረፊያው ኢ ሲሆን። (ጂ ላይ ካረፍክ ግን ትዝታ ሜጀር ሆነ፤ ያው የእናትህ ጉዳይ ነው።) ሰኞ ሰኞ ባቲ ከተማ ገበያ ሄደህ የምትቀመጥ ከሆነ ጊታርህን ይዘህ ሂድ፣ ጣትህ ያርፋል።

የብረት ክር ወይስ ናይለን?

ለአንጎራጓሪ ድምፅ ናይለን፣ ለምት ብረት። የናይለን ጊታር ላይ የብረት ክር ግን እንዳታስር፤ ድልድዩን (ክሮቹ የሚታሰሩበትን እንጨት) ይነቅለዋል።

እኔ የምቀዳው ቤቴ ነው። ስቱዲዮ የምከፍለው የለኝም። ምን ይሻላል ጋሼ?

መጀመሪያ ወሩን ምረጪ። ሐምሌና ነሐሴ ደሴ ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለመቅዳት መሞከር ዝናብን መቅዳት ነው። እኔ አንድ ክረምት ሞክሬ የቀረልኝ ስድስት ደቂቃ ብቻ ነበር፣ ከዚያም ላይ ሁለት ደቂቃው የጎረቤት ዶሮ ነው። ጥቅምት ይሻላል፣ ያውም ሌሊት።

ሁለተኛ፣ ባዶ ግድግዳ ፊት ለፊት አትቀመጪ። ብርድ ልብስም ጋቢም ሰቅለሽ ከኋላሽም ከፊትሽም አድርጊ፤ የልብስ ቁም ሣጥን በሩ ተከፍቶ ጥሩ ያገለግላል።

ሦስተኛ፣ ማይኩን የጊታሩ ቀዳዳ ፊት አትደቅኚው፤ እዚያ ድምፁ ያጉረመርማል። አንገቱ ከሣጥኑ ጋር ወደሚገናኝበት፣ ዐሥራ ሁለተኛው ፍሬት አካባቢ፣ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ አዙሪው። አንድ ማይክ ብቻ ካለሽም ድምፅሽንና ጊታሩን አብረሽ ቅጂ። ለይቶ መቅዳት ለማረም ይመቻል፣ እንጉርጉሮ ግን በሜትሮኖም (ምት በሚቆጥር መሣሪያ) ሲታሰር ይሞታል። እስትንፋስሽ ሲረዝም እጅሽ ይጠብቅሽ።

ጊታሬ ደሴ ላይ ተቃኝቶ ኮምቦልቻ ስወርድ ለምን ይለቃል?

ሙቀቱ ነው። ክሩም እንጨቱም ከብርድ ወደ ቆላ ሲወርድ ይንቀሳቀሳል። ደርሰህ ግማሽ ሰዓት ከመያዣው አውጥተህ አስቀምጠው፣ ከዚያ ቃኘው። መኪና ውስጥ የቃኘኸው አይቆጠርም።

ግጥሜ ጥሩ ነው ይሉኛል፣ በጊታር ስዘፍነው ግን ይጨናነቃል።

ለማሳያ አንድ ልግጠምልህ፦

ጦሳ ላይ ሆኜ ሳይ ጭጋጉ ወረደ፣
ያ የማውቀው መንገድ ወዴት ነው የሄደ።

የወል ቤት የሚባለው የግጥም ልክ ነው፤ ስድስት ቀለም (ክፍለ ቃል)፣ ትንፋሽ፣ ስድስት ቀለም። «ሆኜ ሳይ» ካልክ በኋላ ያለችው ክፍተት የጊታሩ ናት። ብዙ ልጆች እዚያች ላይ እጃቸውን ሳያቆሙ ይመታሉ፣ ከዚያ ቀጣዩን ሐረግ ሮጠው ይይዙታል። እየዘፈንክ ሳለህ ምቱን ቀንስ፤ ክፍተቷ ላይ ሁለት ሦስት ድምፅ መልስላት። መጨናነቁ የግጥምህ አይደለም።

አያቴ የምታንጎራጉረውን ግጥምና ዜማ አልበሜ ላይ ላስገባው ነው። «ግጥምና ዜማ» የሚለው ላይ ስሜን ልጻፍ?

ኧረ ተዪ! አያትሽ ከሰው የሰሙት ከሆነ «የሕዝብ» በዪ፤ አንቺ ያቀናበርሽው ከሆነ ቅንብሩ ላይ ስምሽ ይግባ። ራሳቸው የገጠሙት ከሆነ ስሙም መብቱም የእሳቸው ነው። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት እያለ፣ ከዚያም ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል፤ ወራሾች አሉ ማለት ነው።

ከጓደኛ ጋር ስትሠሩም ማን ግጥሙን፣ ማን ዜማውን፣ ማን ቅንብሩን እንደሠራ ከቀረጻው በፊት በወረቀት ተፈራረሙ። ፋይሉንም በየቀኑ ገልብጪ። የዛሬ ስድስት ዓመት አራት ዘፈን የቀዳሁበት ስቱዲዮ ሃርድ ዲስኩ ተበላሸና «ይቅርታ» ብለው ቡና ጋበዙኝ። ቡናው ጥሩ ነበር።

የመንዙማ ዜማ ወስጄ የፍቅር ግጥም ባደርግበትስ?

እኔ አልነካውም። ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑም እስላሙም መንዙማ እየሰማ ነው ያደገው፣ ጆሮህ ውስጥ መኖሩ አይገርምም። ግን ምስጋና ነው። ይልቅ ከአወራረዱ ተማር፤ አንዱ ያወጣል፣ ጉባኤው ይቀበላል፣ ምቱ ቀስ እያለ ይግላል። ይህን ቅርፅ ለራስህ ዜማ ብትጠቀምበት የሚቆጣህ የለም።

ከውጭ አንድ የመጀመሪያ አልበም እንድንሰማ ብትጠቁመን?

የአሜሪካዊቷ ድምፃዊት የትሬሲ ቻፕማን፣ 1988 እ.ኤ.አ.። አልበሙ በወጣ በሁለት ወሩ ዌምብሌይ ስታዲየም ውስጥ የማንዴላ 70ኛ ልደት ኮንሰርት ላይ ተጫውታ ወርዳ ነበር። ስቲቪ ዎንደር የሚያስፈልገው የመሣሪያ ዲስክ ጠፍቶ መድረኩ ባዶ ሲሆን እሷን መለሷት። አንድ ጊታር ይዛ ወጣች፤ ያ ሁሉ ሕዝብ አዳመጠ። በማግስቱ ዓመት ሦስት ግራሚ ወሰደች። አልበሙ ላይ ባስና ድራም አለ፣ ግን ብታወጣቸው ዘፈኑ አይወድቅም። የራስህን ዘፈን በዚያ ፈትነው።

ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?

ከሠርግ። አልበሙ ሠርግ ላይ ያስጠራሃል፣ ሠርጉ ቀጣዩን አልበም ይከፍላል። ካሴት የሸጡት ታላላቆቻችን ሌላ ዘመን ነበሩ።

ጋሼ፣ ያ የአምባሰሉ ልጅ ነኝ። ቢን ክፍት ትቼ መታሁት። እናቴ «አሁን አምባሰል ሆነ፣ ግን ምን ያስሮጥሃል» አለችኝ።

በዚህም ልክ ናቸው። ቀንስ።