ሮም ልትሄዱ ያሰባችሁ ጠይቁኝ

ሮም ነው የምኖረው፣ ዘመድ ወዳጅ ሲመጣ አዟሪው እኔ ነኝ፣ ጥያቄ ያላችሁ ወዲህ በሉ።

ጥ፦ ከፍራንክፈርት ለዊክኤንድ ነው የምንመጣው፣ ሁለት ቀን ይበቃል?

መ፦ ሁሉንም ለማየትማ አይበቃም ወንድሜ። አንዱን ቀን ለኮሎሲየም አንዱን ለቫቲካን ስጡት፣ ፓንተዮን፣ ትሬቪ ፏፏቴና ፒያሳ ናቮና ቅርብ ለቅርብ ስለሆኑ ማታ ማታ በእግር ትጨርሷቸዋላችሁ፣ ፓንተዮን ውስጥ መግባት ከፈለጋችሁ ግን በቀን ነው።

ጥ፦ የኮሎሲየም ቲኬት በር ላይ አይገኝም እንዴ?

መ፦ በዛ ተማምነህ አትሂድ፣ ኦንላይን ከራሳቸው ሳይት ቀድመህ ግዛ፣ ስምህ ስለሚጻፍበት መታወቂያ ያዝ። አጠገቡ ያሉት ፎረሙ (የጥንቷ ሮም አደባባይ ፍርስራሽ) እና ፓላቲን ኮረብታ በዛው ቲኬት ናቸው፣ ብዙ ሰው ግን ኮሎሲየሙ ጋ ፎቶ ተነስቶ ውልቅ ይላል፣ እኔ ደግሞ ከሁሉም የምወደው ፎረሙን ነው። የጥንት ወታደር መስለው ና ፎቶ እንነሳ የሚሉህን ዝም ብለህ እለፍ፣ ኋላ ብር አምጣ ነው የሚሉህ።

ጥ፦ እናቴን ይዤ ነው የምመጣው፣ ቫቲካን በነጠላ ያስገባሉ?

መ፦ ታዲያስ፣ ህጉ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን ነው፣ እሳቸው ምንም አይባሉም፣ ይልቅ አንቺ ቁምጣ እንዳትለብሺ። ትልቁ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ፣ መግባቱ በነፃ ነው፣ የሚያማርረው የፍተሻው ሰልፍ ነውና ጠዋት በኛ አንድ ሰዓት ላይ ድረሱ። ጉልላቱ 551 ደረጃ ነው፣ ሊፍት ቢኖርም ግማሹን ብቻ ስለሚያደርስ ለእማማ ይቅርባቸው። ከባዚሊካው ጀርባ የሐበሻ ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ፣ የኛ መነኮሳት ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እየመጡ ይኖሩበት የነበረ ነው፣ መነኩሴው አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምነግራችሁ) የግዕዝ ሐዲስ ኪዳን ሮም ላይ ሲያሳትሙ የነበሩት እዛ ነው። ግን የቫቲካን ግቢ ውስጥ ስለሆነ እንደልብ አይገባም።

ጥ፦ የአክሱም ሐውልት የነበረበት ቦታ አሁን ምን አለ?

መ፦ ይሄን ጥያቄ ነበር ስጠብቅ የነበረው። ሜትሮ ቢ ይዘህ ሲርኮ ማሲሞ ውረድ፣ የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት) ህንፃ ፊት ለፊት ነው። ሙሶሊኒ በ1937 አስመጥቶ እዛ አቆመው፣ ህንፃው ራሱ እኮ የጣሊያን አፍሪካ ሚኒስቴር እንዲሆን ታስቦ የተጀመረ ነው። ሐውልቱ በ2005 ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን አክሱም ገባ፣ በ2008 ቆመ። አሁን እዛ ለመስከረም 11ዱ የአሜሪካ ጥቃት ሟቾች መታሰቢያ የቆሙ ሁለት የድንጋይ አምዶች አሉ፣ ስለኛ ሐውልት ሳያውቅ የሚያልፈው ሰው ብዛቱ! ሌላም ልጨምርልህ፣ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ስትወጣ የምትቆምበት አደባባይ ስሙ የአምስት መቶዎቹ ነው፣ እነዛ አምስት መቶዎች በ1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የጨረሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ሐበሻው ሁሉ እዛ እየተቀጣጠረ ቡና ይጠጣል፣ ስሙን ልብ የሚል ግን ጥቂት ነው።

ጥ፦ ሌባና ውድነቱስ?

መ፦ ሌባው ሜትሮና 64 ቁጥር ባስ ላይ ነው፣ ስልክህን የኋላ ኪስ አትክተት። ቡና ቆመህ ከጠጣህ ርካሽ ነው፣ ከተቀመጥክ ዋጋው ሌላ ነው። ውሃ ደግሞ አትግዛ፣ መንገድ ዳር ቀን ከሌት የሚፈስ የብረት ቧንቧ አለ፣ የሚጠጣ ነው፣ አፉን በጣትህ ስትደፍነው ከላይ ባለችው ቀዳዳ ሽቅብ ይወጣልሃል፣ ጎንበስ ሳትል ትጠጣለህ።