የልጆች እንቅልፍና የክፍል ትኩረት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የ3ኛ ክፍል ልጄ ክፍል ውስጥ አታንቀላፋም፤ መምህሯ ግን «አርፋ አትቀመጥም» ይላሉ። ይህም ከእንቅልፍ ማነስ ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ በደንብ ይችላል። አዋቂ እንቅልፍ ሲያንሰው ይደበተዋል፤ ልጅ ብዙ ጊዜ ይቅበጠበጣል፣ በትንሽ ትልቁ ያለቅሳል፣ ከሰሌዳ የሚገለብጠውን መስመር ግማሽ ላይ ይተወዋል። ከመቆጣትዎ በፊት የተኛችበትንና የነቃችበትን ሰዓት ለ1 ሳምንት ይመዝግቡ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ስንት ሰዓት ላስተኛት?

መልስ፦ ከመነሻዋ ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ጠዋት 12፡30 የምትነሳ ከሆነ፣ ለ10 ሰዓት ያህል እንድትተኛ ማታ 2፡30 እንቅልፍ ሊወስዳት ይገባል፤ አልጋ ላይ 2፡10 ትውጣ። እስካሁን 4፡00 ትተኛ ከነበረ በአንድ ቀን አይሆንም፤ ስትገላበጥ ታመሻለች። በየ2 ወይም 3 ቀኑ መኝታዋን 15 ደቂቃ ቀደም ያድርጉት። ቅዳሜና እሁድም መነሻዋ ከ1 ሰዓት በላይ አይዘግይ፤ አለዚያ ሰኞ ጠዋት ፀቡ እንደ አዲስ ይጀምራል።

ጥያቄ፦ ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ ቴሌቪዥኑም እዚያው።

መልስ፦ ድምፁን መቀነስ ብቻውን አይበቃም። ብርሃኑ እንቅልፍ የሚጠራውን ሆርሞን፣ ሜላቶኒንን፣ ያዘገያል። ገመድ ወጥረው ወፍራም መጋረጃ ይስቀሉ፣ ፊቷ ወደ ግድግዳ ይዙር። ስልክ ከመኝታ 1 ሰዓት በፊት ይሰብሰብ፤ ቻርጅ የሚደረገውም እርስዎ ራስጌ ይሁን። ፍራሹንም ያገላብጡ፦ ስፌቱ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ ካለ ትኋን ሊሆን ይችላል፤ ሌሊቱን ሙሉ ስታክ ያደረች ልጅ ምንም ቢነገራት አይገባትም።

ጥያቄ፦ ማታ ቡና ሲፈላ ልጆቹም ይቀምሳሉ።

መልስ፦ ይቅር። ሻይና ኮላም ከምሳ በኋላ ይቅሩ፤ በውስጣቸው ያለው አነቃቂ፣ ካፌይን፣ አዋቂ ላይ እንኳ ግማሹ የሚወጣው ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ልጄ ለፈተና እስከ ሌሊት 8 ሰዓት ያጠናል።

መልስ፦ የሚያጠናው ይፈስሳል። አንጎል ቀን የተማረውን የሚያደላድለው በእንቅልፍ ነው። 4፡30 ይተኛ፤ ከባዱን ትምህርት ከሰዓት በኋላ፣ ክለሳውን ማታ ያድርገው።

ጥያቄ፦ ልጄ 10 ሰዓት ተኝቶም ደክሞት ይነሳል።

መልስ፦ ያንኮራፋል? አፉን ከፍቶ ይተኛል? ትንፋሹ ቆም ብሎ በድንገት ይመለሳል? ያበጠ ቶንሲል ወይም አዴኖይድ (ከአፍንጫ ጀርባ ያለ እንደ ቶንሲል ያለ ሥጋ) መተንፈሻውን ሲያጠብ ልጁ ሳያውቀው ደጋግሞ ይነቃል። ሲተኛ ደረቱና ፊቱ እንዲታይ አድርገው 2 ደቂቃ በስልክ ይቅረጹና ለሐኪም ያሳዩ።