ባለ አሥራ ሦስት ገጽ ካላንደር በፎቶሾፕና በጊምፕ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ። በደሴ የሥዕል መምህር ነኝ። ለመጪው 2019 ዓ.ም. በተማሪዎቻችን ሥዕሎች ያጌጠ፣ በኤ3 መጠን የሚታተም የግድግዳ ካላንደር አዘጋጅተን ለወላጆች በመሸጥ ለቤተ መጻሕፍታችን መጻሕፍት ለመግዛት አስበናል። ከኢንተርኔት ያወረድኩት ቅጽ ግን የፈረንጆቹን ወራት የሚከተል በመሆኑ ቁጥሮቹን እየሰረዝኩ በእኛ ልተካ ብል ሰንጠረዡ ተዘበራረቀብኝ፤ ለጳጉሜን ደግሞ ጨርሶ ቦታ የለውም። ፎቶሾፕና ጊምፕ የሚባሉትን የሥዕል ማቀናበሪያ ፕሮግራሞች በመጠኑ እሞክራለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ያወረዱትን ቅጽ ይተዉት። 28፣ 30 እና 31 ቀናት ለሚፈራረቁበት አቆጣጠር የተሠራ ሰንጠረዥ ለእኛ ወራት ቢጠጋገንም አይገጥምም፤ ከባዶ ገጽ መጀመሩም የሚታሰበውን ያህል አድካሚ አይደለም። አሥራ ሁለቱ ወሮቻችን እኩል 30 ቀናት ስላሏቸው አንዱ ከሌላው የሚለየው በሚጀምርበት ዕለት ብቻ ነው። ዕለታቱ ደግሞ ሰባት ናቸው። ስለዚህ የሚያስፈልግዎ ሰባት ሰንጠረዥ ነው፤ እነዚህን አንዴ በጥንቃቄ ከሠሯቸው ለ2019 ብቻ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ለማንኛውም ዓመት ያገለግላሉ።

30 ለ7 ሲካፈል 2 ስለሚተርፍ እያንዳንዱ ወር ካለፈው ወር በሁለት ዕለት ፈቀቅ ብሎ ይጀምራል። የ2019 መስከረም 1 ዓርብ ነው፤ ጥቅምት እሑድ፣ ኅዳር ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ ሐሙስ፣ ጥር ቅዳሜ፣ የካቲት ሰኞ፣ መጋቢት ረቡዕ ይጀምራሉ። ሰባቱ ዕለታት እዚህ ላይ ስለሚያልቁ ሚያዝያ ወደ መስከረም ሰንጠረዥ ይመለሳል፤ ግንቦት የጥቅምትን፣ ሰኔ የኅዳርን፣ ሐምሌ የታኅሣሥን፣ ነሐሴ የጥርን ይወስዳሉ። ጳጉሜን እንደ የካቲት ሰኞ ትጀምርና፣ ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ በመሆኑ 6 ቀናት ይዛ ቅዳሜ ታበቃለች። በማግስቱ እሑድ መስከረም 1 ቀን 2020 ነው፤ ቆጠራዎ ትክክል መሆኑንም በዚሁ ያረጋግጣሉ።

አዲስ ገጽ ሲከፍቱ ጥራቱን በኢንች 300 ፒክስል ያድርጉ። ኤ3 በዚህ ጥራት 3508 በ4961 ፒክስል ነው። ነገር ግን ማተሚያ ቤቱ ወረቀቱን ሲቆርጥ ምላጩ በጥቂቱ ሊንሸራተት ስለሚችል፣ የጀርባው ሥዕል ከመቆረጫው መስመር በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 36 ፒክስል ያህል፣ ማለፍ አለበት፤ ስለዚህ ገጹን 3580 በ5033 አድርገው ይክፈቱት። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ሥራዬ ይህን ትርፍ ሳልተው ሰጥቼ፣ ካላንደሩ ተቆርጦ ሲመጣ በግማሾቹ ቅጠሎች ዳር ላይ ክር የሚያህል ነጭ መስመር ወጥቶ አይቻለሁ። ከታተመ በኋላ ደግሞ መድኃኒት የለውም። በስፓይራል የሚጠረዝ ከሆነ ከላይ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ጽሑፍም ሆነ የሰው ፊት የሌለበት ቦታ ይተዉ።

ከላይ 2600 ፒክስል ያህሉን ለተማሪው ሥዕል ይስጡት፤ ከሥሩ የወሩ ስም፣ ቀጥሎ የዕለታቱ ስሞች፣ ከዚያም ሰንጠረዡ ይመጣል። የሰንጠረዡን ስፋት 3220 ቢያደርጉት ለሰባት ሲካፈል እያንዳንዱ ሣጥን ልክ 460 ፒክስል ይሆናል፤ በግራና በቀኝም እኩል 180 ፒክስል ይተርፋል። የመጀመሪያውን ቋሚ ጋይድ (በሥራ ጊዜ ብቻ የሚታይ፣ የማይታተም መምሪያ መስመር) በ180 ላይ ያኑሩ፣ ከዚያ 460 እየጨመሩ እስከ 3400 ይሂዱ። የረድፉ ከፍታ 300 ይበቃል።

ረድፉ ስንት ይሁን የሚለው ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሳምንቱን ከሰኞ ከጀመሩ ጥቅምትና ግንቦት እሑድ ስለሚገቡ የመጀመሪያው ረድፍ 1ን ብቻ፣ ስድስተኛው ረድፍ ደግሞ 30ን ብቻ ይይዛሉ። አንዳንድ አዘጋጆች ስድስተኛውን ረድፍ ላለመጨመር 23ን እና 30ን በአንድ ሣጥን ውስጥ በሰያፍ መስመር ይከፍሏቸዋል። እኔ አልደግፈውም፤ የቤቱ ሰው በሣጥኑ ውስጥ የዕቁብ ቀን ወይም የሐኪም ቀጠሮ መጻፍ ይፈልጋል፣ ግማሽ ሣጥን ደግሞ ለማንም አይበቃም። ከጳጉሜን በቀር በሁሉም ገጽ ላይ ስድስት ረድፍ ይኑር። በማንኛውም ወር ስድስተኛው ረድፍ ላይ ቢያንስ ስድስት ሣጥኖች ባዶ ስለሚሆኑ የሠዓሊውን ተማሪ ስምና ክፍል እዚያ ይጻፉበት። ስሙ በሥዕሉ ላይ ተደርቦ ሥዕሉን ከሚያበላሽ በዚህ ቢቀመጥ ያምራል፤ ወላጅም ገልጦ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።

ቁጥሮቹን በመጀመሪያ ሰኞ በሚጀምረው ሰንጠረዥ ላይ ከ1 እስከ 30 እያንዳንዱን በራሱ ሌየር (እንደ ግልጽ ወረቀት በሌላው ላይ በሚደረብ ንብብር) ይጻፉና በአንድ ግሩፕ ውስጥ ያስገቧቸው። ማክሰኞ የሚጀምረውን ለማግኘት የግሩፑን ቅጂ በአንድ ሣጥን ወደ ቀኝ ይግፉት፤ ከእሑድ ዓምድ ውጭ የሚወጡት 7፣ 14፣ 21 እና 28 ብቻ ስለሆኑ እነሱን ወደ ግራ መልሰው በአንድ ረድፍ ዝቅ አድርገው ሰኞ ሥር ያስቀምጧቸው። ለረቡዕ ሲገፉ የሚወጡት 6፣ 13፣ 20 እና 27 ናቸው፤ እንዲህ እያለ እስከ እሑድ ይቀጥላል። ሰባቱ ግሩፖች ካለቁ በኋላ በየወሩ የሚፈለገውን ማብራት፣ የቀሩትን ማጥፋት ብቻ ነው።

በዓላትን ከቁጥሮቹ ጋር አያዋህዷቸው፤ የራሳቸው ሌየር ይኑራቸው። እንቁጣጣሽ፣ መስከረም 17 መስቀል፣ ጥር 11 ጥምቀት፣ የካቲት 23 ዓድዋ ቀናቸው አይናወጥም፤ ገና በ2019 ታኅሣሥ 29 ነው፣ በዘመነ ዮሐንስ ግን 28 ላይ ይውላል። በ2019 ግን የሚያዝያ ገጽ ልዩ ትኩረት ይፈልጋል፦ ስቅለት ዓርብ 22፣ የሠራተኞች ቀን ቅዳሜ 23፣ ፋሲካ እሑድ 24 ላይ ስለሚውሉ ሦስት ቀይ ቁጥሮች ጎን ለጎን ይሰለፋሉ፤ የአርበኞች ቀንም በ27 ይከተላል። ረዣዥሞቹ የበዓል ስሞች እርስ በርስ እንዳይነካኩ በሁለት መስመር ሰብረው ይጻፏቸው። የዒድ አል ፈጥር፣ የዒድ አል አድሐ (ዐረፋ) እና የመውሊድ ቀኖች በጨረቃ መታየት ላይ ስለሚመሠረቱ በተለየ ሌየር ይያዙና ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄድዎ በፊት ከሚያውቁ ሰዎች ጋር ያመሳክሯቸው።

ለጌጡ ደግሞ ከሌላ ሀገር የመጣ የአበባ ጥልፍ አይፈልጉ። የብራና መጻሕፍታችን ሐረግ አለ፤ የነጠላ ጥለት አለ። ጥለቱን በሚከተለው መንገድ ወደ ገጹ ማምጣት ይቻላል። ነጠላውን ጠረጴዛ ላይ ወጥረው ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው መስኮት አጠገብ፣ ካሜራውን ከላይ ትይዩ አድርገው ያንሱት። በጥለቱ ውስጥ አንዱ ቅርጽ ተነሥቶ ራሱን እስከሚደግም ድረስ ያለውን ልክ ይቁረጡ፤ አንድ ክር እንኳ ቢበዛ ወይም ቢጎድል መጋጠሚያው ያስታውቃል። ከዚያ በፎቶሾፕም በጊምፕም ውስጥ ባለው ኦፍሴት በሚባለው ትእዛዝ የሥዕሉን ግማሽ ስፋት ያዙሩት፤ ዳርና ዳር የነበሩት ጠርዞች መሐል ላይ ይገናኛሉ፣ የማይገጥመው ክርም እዚያው ይታያል። ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው በሚቀዳው የክሎን መሣሪያ ካስተካከሉት በኋላ በፎቶሾፕ ዲፋይን ፓተርን ብለው ያስቀምጡት፤ በጊምፕ ኮፒ ማድረጉ ብቻ በፓተርን ዝርዝር ውስጥ ያስገባዋል። ይህን በሰንጠረዡ ግርጌ በቀጭኑ ቢዘረጉት፣ በየወሩም የአንዱን ክር ቀለም ከተማሪው ሥዕል ወስደው ቢለውጡት፣ አሥራ ሦስቱ ገጾች የአንድ ቤተሰብ ልጆች ይመስላሉ። አራቱንም ማዕዘን መክበብ ግን አይገባም፤ ነጠላም ጥለቱ በጫፉ ነው።

የተማሪዎቹ ሥዕሎች በኤ4 ወረቀት የተሠሩ ከሆነ በ600 ጥራት ስካን ያድርጓቸው፤ በ300 ከተነሡ ወደ ኤ3 ሲሰፉ ይደበዝዛሉ። የጳጉሜን ገጽ አንድ ረድፍ ብቻ ስለሚፈልግ የቀረው ቦታ ሁሉ ለሥዕል ይሁን፤ ከትምህርት ቤቱ ትልቁን ሥዕል ለእሷ ያስቀሩላት።

ጥያቄ፦ ከፍራንክፈርት ነው የምጽፈው። ልጆቼ የግዕዝ ቁጥር እንዲለምዱ በሱ የተጻፈ የቤተሰብ ካላንደር በፎቶሾፕ ጀምሬአለሁ፤ ቁጥሮቹ ግን ባዶ ሣጥን ሆነው ይታያሉ። የአውሮፓውን ቀንስ እንዴት ላስገባ?

መልስ፦ እህታችን፣ ባዶ ሣጥን የሚታየው የመረጡት ፎንት የግዕዝ ቁጥሮችን ሳይይዝ ሲቀር ነው። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ በነፃ የሚወርዱ ናቸው፤ ሁለቱም ፊደሉንም ቁጥሩንም ይዘዋል። በድሮዎቹ፣ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ባልሆኑት የግዕዝ ፎንቶች አይጻፉ፤ ፋይሉ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ጽሑፉ ወደ ላቲን ፊደላት ትርምስ ይለወጣል። በግዕዝ ቁጥር ዜሮ እንደሌለ ልጆችዎን ያስታውሷቸው፦ 11 ሲጻፍ ፲፩ እንጂ ፩፩ አይደለም፣ 20 ፳ ነው፣ 30ም ፴። በቁጥሮቹ ላይና ታች ያሉት ሰረዞች ቁጥሩ ሲያንስ ከመሐሉ ጋር ስለሚጣበቁ ከ24 ነጥብ በታች አይውረዱ።

የአውሮፓውን ቀን በሣጥኑ ታችኛ ቀኝ ጥግ፣ በግራጫ፣ በአነስተኛ ፊደል ያድርጉት። በ2019 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11፣ ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11፣ ኅዳር 1 ኖቬምበር 10፣ ታኅሣሥ 1 ዲሴምበር 10፣ ጥር 1 ጃንዋሪ 9 ይውላሉ። ይህን ፋይል ለ2020 እንዳለ እንዳይጠቀሙበት አደራ፤ የ2019 ጳጉሜን 6 ቀናት ስለምትይዝ አዲሱ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ይገባል፣ የአንድ ቀን ልዩነቱም እስከ ፌብሩዋሪ 29 ድረስ ይዘልቃል።

ጥያቄ፦ በስልክ ያነሣኋቸው ፎቶዎች በስክሪን ላይ ደማቅ ናቸው፤ ሲታተሙ ግን ጠቁረውና ደብዝዘው መጡ። (ከአዳማ)

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። መደብዘዙ ፎቶዎቹ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንደ ፎቶ ተልከው ስለተጨመቁ ሊሆን ይችላል፤ 1280 ፒክስል ስፋት ያለው ፎቶ በ300 ጥራት ሲታተም ከ11 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ስለዚህ እንደ ፋይል ያስልኳቸው። የመጥቆሩ ምክንያት ስክሪን ብርሃን ሲያመነጭ ወረቀት ግን ቀለም የሚቀባ መሆኑ ነው፤ ደማቅ አረንጓዴና ሰማያዊ በተለይ ይሞታሉ። ከርቭስ በሚባለው የድምቀት ማስተካከያ መካከለኛውን ድምቀት በጥቂቱ ከፍ ያድርጉ፤ ሙሉውን ከማሳተምዎ በፊትም አንድ ገጽ ብቻ በዚያው ማተሚያ፣ በዚያው ወረቀት አስወጥተው፣ ካላንደሩ በሚሰቀልበት ግድግዳ ላይ ለጥፈው በቀንም በማታ መብራትም ይዩት።