በእጃችን ማሸግ ወይስ ገንዘብ መላክ?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ከአጥቢያችን ምእመናን ጋር ለተራቡ ወገኖች የሚላክ ደረቅ ምግብ በበጎ ፈቃድ እናሽጋለን። አንድ ወንድም ግን «ማሽን በደቂቃ የሚጨርሰውን ሥራ የምትሠሩት ለራሳችሁ ደስታ ነው፤ ወጪውን በገንዘብ ብትልኩት ይሻል ነበር» ካለኝ ወዲህ ልቤ አላረፈም። አገልግሎታችን ከምጽዋት ይቆጠራልን? በከረጢቱ ውስጥስ የወንጌል ጽሑፍ ብንጨምር ይገባልን?

መልስ፦ የተወደዱ እኅታችን፣ የወንድማችን ንግግር ቢያምም ተገቢ ጥያቄ ስላነሣ በቁጣ ሊታለፍ አይገባም። ሐዋርያው ያዕቆብ የዕለት ምግብ ያጣውን ሰው በባዶ እጁ «በደኅና ሂድ፣ ጥገብ» ብሎ ስለሚያሰናብት ሲናገር የሚጠይቀው የሰጪውን ስሜት ሳይሆን «ምን ይጠቅማቸዋል?» ብሎ ነው (ያዕ. 2፥15-16)። ስለዚህ መመዘኛው ከተራበው ሰው ዘንድ ይገኛል።

ገንዘብ መላክ ከእጅ ሥራ ያነሰ መንፈሳዊነት ያለው የሚመስላቸው አሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ለነበሩ ድሆች ከአሕዛብ አብያተ ክርስቲያናት ያሰባሰበው መዋጮ ገንዘብ ነበር። እህል በገበያ ሞልቶ ድሀው መግዣ ባጣበት ስፍራ ገንዘብ ፈጥኖ ይደርሳል፤ በአካባቢው ያለው ገበሬም ምርቱን ይሸጣል። በአንጻሩ ከሩቅ የመጣ ምግብ በዚያ ገበያ ላይ ቢፈስስ የገበሬውን ዋጋ ሊሰብር ይችላል። ገበያው ባዶ በሆነበት፣ መንገድ በተዘጋበት፣ ወይም ትምህርት ቤትና የሕፃናት ማሳደጊያ በየቀኑ ማዕድ በሚያዘጋጁበት ስፍራ ግን ሳይበላሽ የሚቆይና በቀላሉ የሚበስል ምግብ ትልቅ እርዳታ ነው።

ወንድማችን ያላስተዋለው ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ የተመሠረተውንና በዚህ ሥራ የታወቀውን ፊድ ማይ ስታርቪንግ ችልድረን የተባለ ክርስቲያናዊ ድርጅት ለአብነት ብንወስድ፣ በጎ ፈቃደኞቹ የቫይታሚንና የማዕድን ዱቄት፣ የደረቀ አትክልት፣ አኩሪ አተርና ሩዝ በአንድ ከረጢት እየጨመሩ፣ በሚዛን እየለኩና አፉን በሙቀት እያሸጉ ለስድስት ሰው የሚሆን ማዕድ ያዘጋጃሉ፤ 36 ከረጢት በአንድ ካርቶን ሲገባ 216 ማዕድ ይሆናል። በእንዲህ ያለው ሥራ የሚያሽጉት ሰዎች ብዙ ጊዜ የእህሉንም ወጪ አብረው ስለሚያዋጡ ገንዘቡና ጉልበቱ ተለያይተው የሚታዩ አይደሉም። የሚሰጡት ገንዘብ የሌላቸው ሕፃናትና አረጋውያንም በዚሁ ሥራ ድርሻ ያገኛሉ። ነገር ግን አንዲት የሩዝ ፍሬ በማሸጊያው መስመር ላይ ብትቀር ከረጢቱ በደንብ አይገጥምም፤ እርጥበት ይገባል፤ ምግቡም ሳይደርስ ይበላሻል። ስለዚህ እጅን ታጥቦ፣ ፀጉርን ሸፍኖ፣ ወሬን ቀንሶ በጥንቃቄ መሥራት የምጽዋቱ ክፍል ነው። (ፎቶግራፍ ለመነሣት ሲባል ሥራው በየጊዜው የሚቆምበትን ማኅበር ግን ወንድማችን ቢገሥጽ አልከፋበትም።)

ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ ያሳየን ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን በቀጰዶቅያ ጽኑ ረሃብ በሆነ ጊዜ አስቀድሞ እህል ያከማቹትን ባለጠጎች በስብከቱ ገሥጾ ጎተራቸውን አስከፈተ፤ ከዚያም የተራቡትን ሰብስቦ፣ ሽርጥ ታጥቆ፣ ከድስቱ እየቀዳ ራሱ እንዳበላቸው ወዳጁ ጎርጎርዮስ መስክሮለታል። ሽርጡን የታጠቀው ጎተራው ከተከፈተ በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል።

እንግዲህ አስተባባሪዎቻችሁን ጠይቁ፦ ምግቡን የጠየቀው ማን ነው? በስፍራው የሚያከፋፍለውስ? ተቀባዮቹ ንጹሕ ውኃና ማገዶ አላቸውን? በብርቱ የምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን በሐኪም ክትትል የሚሰጥ የተለየ የሕክምና ምግብ ስለሚያስፈልገው፣ እንዲህ ያለው ሕፃን ሲገኝ ወዴት ይላካል? መልሱ «አሁን የሚያስፈልገው ገንዘብ ነው» የሚል ከሆነ ሳታዝኑ ወደዚያ ተመለሱ። በዚያ ሰዓት የሚሰማችሁ ቅሬታ ወይም ደስታ የወንድማችንን ክስ እውነትነት ከማንኛውም ክርክር ይልቅ ያሳያችኋል።

የወንጌል ጽሑፉን በተመለከተ፣ በከረጢቱ ውስጥ ባታስገቡ እመክራለሁ። ጌታ ዐሥሩን ለምጻሞች ሲያነጻ የተመለሰው አንዱ ብቻ ነበር፤ የዘጠኙን ፈውስ ግን አልነጠቀም (ሉቃ. 17፥11-19)። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የቀይ መስቀልና የእርዳታ ድርጅቶች የሥነ ምግባር ደንብም እርዳታ ሃይማኖታዊ አቋምን ለማራመድ እንዳይውል ይደነግጋል። ክርስትና በጥርጣሬ በሚታይበት አካባቢ ያ ወረቀት ለተቀባዩ መከራ ሊያመጣበት እንደሚችልም አስቡ። የምታሽጉበትን ቦታ በጸሎት ክፈቱ፣ በጸሎት ዝጉ፤ ምግቡ ከማን እንደ መጣ ለሚጠይቅ በስፍራው ያሉ አገልጋዮች ይመልሱለታል።