የቴስላ ኮይል ብልጭታ፦ ቋሚ ይሻላል ወይስ ተሽከርካሪ?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን የኤሌክትሪክ አሠልጣኝ ነኝ። ለሠልጣኞቼ ማሳያ የሚሆን የቴስላ ኮይል (በአየር ላይ ረዥም ብልጭታ የሚያወጣ የከፍተኛ ቮልቴጅ መሣሪያ) ለመሥራት አስቤ፣ ከአሮጌ የኒዮን ማስታወቂያ የወጣ 15000 ቮልትና 30 ሚሊአምፔር የሚሰጥ ትራንስፎርመር አግኝቻለሁ። የብልጭታ ክፍተቱን ከመዳብ ቱቦ ቋሚ አድርጌ ልሥራው ወይስ በግራይንደር ሞተር ላይ ዲስክ አስሬ ተሽከርካሪ ላድርገው? ተሽከርካሪው ረዥም ብልጭታ ያወጣል ይባላል።

መልስ፦ ለያዙት ትራንስፎርመር ቋሚውን ይሥሩ። ክፍተቱ ማብሪያ ነው፤ ትራንስፎርመሩ ካፓሲተሩን (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመውን ክፍል) ይሞላል፣ ቮልቴጁ አየሩን ለመስበር ሲበቃ ካፓሲተሩ የያዘውን ሁሉ በመጀመሪያው የሽቦ ጥቅል በኩል ይለቃል። በቋሚ ክፍተት የመዝለያውን ጊዜ የሚወስነው ቮልቴጁ ራሱ ስለሆነ፣ ከተወሰነው ልክ በላይ ሊወጣ አይችልም። በተሽከርካሪው ግን የሚወስነው ሞተሩ ነው። የግራይንደር ሞተር ከመስመሩ 50 ኸርዝ ጋር ስለማይገጥም፣ በዲስኩና በመቆሚያው ላይ ያሉት የብልጭታ ዘንጎች ፊት ለፊት ሳይገናኙ ቮልቴጁ እየተከመረ ሄዶ የትራንስፎርመሩን የውስጥ መከለያ ሊበሳው ይችላል፤ የኒዮን ትራንስፎርመር ደግሞ አንዴ ከተበሳ ጥገናው አድካሚ ነው።

ተሽከርካሪው የሚመሰገነው ብዙ ኪሎዋት በሚያስተናግዱ ኮይሎች ላይ ነው፤ በዚያ መጠን ቋሚ ዘንጎች ይግላሉ፣ ብልጭታውም ቶሎ አይጠፋም። የእርስዎ 450 ቮልት አምፔር፣ ግማሽ ኪሎዋት እንኳ የማይሞላ ነው። ወደፊት ቢያምርዎት፣ ከመስመሩ ጋር እኩል የሚዞር ሲንክሮነስ ሞተር ይፈልጉ፤ በደቂቃ 1500 ጊዜ የሚዞረው በዲስኩ ላይ 4 ዘንግ ቢይዝ በሰከንድ 100 ብልጭታ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ የቮልቴጅ ጫፍ አንድ ይሰጣል። ተራ ኢንዳክሽን ሞተር ከ1500 በጥቂቱ ስለሚዘገይ ለዚህ አይሆንም።

ቋሚውን ከበርካታ የመዳብ ቱቦ ቁራጮች፣ በመካከላቸው ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ ክፍተት እየተው ደርድረው ይሥሩትና በቬንቲሌተር ያናፍሱት። ክፍተቱ መከፋፈሉ ሙቀቱን ያሰራጫል፤ ንፋሱም ብልጭታውን ቶሎ ስለሚያጠፋ ረዥሙን ብልጭታ ወደሚያወጣው ሁለተኛው ጥቅል የተሻገረው ጉልበት ተመልሶ አይመጣም።

ከምርጫው ይልቅ ብዙዎችን የሚያሳስተው የክፍተቱ ስፋት ነው። ደብረ ብርሃን ከ2800 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው 7/10 ያህል ነው። ለቆላ አገር የተጻፈውን ስፋት እንዳለ ከወሰዱ ክፍተቱ በ7/10 ቮልቴጅ ይዘላል፤ የካፓሲተር ጉልበት ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ በእያንዳንዱ ብልጭታ የጉልበቱን ግማሽ ያጣሉ። ስለዚህ በመጽሐፍ ሳይሆን በራሱ በትራንስፎርመሩ ይለኩ፦ ካፓሲተሩን ነቅለው ክፍተቱን ብቻ ያገናኙ፣ ከጠባብ ጀምረው እያሰፉ ይሂዱ፣ ብልጭታው ሳያቋርጥ ከሚዘልበት የመጨረሻ ስፋት ጥቂት ቀደም ብለው ያቁሙ። በእያንዳንዱ ማስተካከያ ሶኬቱ ይነቀል፤ ካፓሲተሩ ከተገጠመ በኋላም ሁለቱ ጫፎቹ እጀታው በተከለለ የብረት ዘንግ ሳይገናኙ እጅ አይቅረብ፣ የተጠራቀመው ይገድላልና። ብልጭታውን በባዶ ዓይን ትኩር ብሎ ማየትም ይጎዳል።

መሣሪያውን ለማሳያ ወደ ሸዋ ሮቢት ይዘው ከወረዱ፣ በዚያ ከ1500 ሜትር በታች ባለው ወፈር ያለ አየር ይኸው ክፍተት ለመዝለል ከፍ ያለ ቮልቴጅ ስለሚጠይቅና ትራንስፎርመሩን ስለሚያስጨንቀው፣ ከማብራትዎ በፊት እንደገና ለክተው ያጥብቡት።