የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጓደኞቼ መንኮራኩሯን ሸጡብኝ

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ጠረጴዛ ሮልፕሌይንግ ጌም ስለሆኑ ሰብሰብ አርገን እንመልሳቸው ብለናል። ለማታውቁት፣ አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ይከብና እያንዳንዱ አንድ ካራክተር ይይዛል፣ አንዱ ደግሞ ጌም ማስተር ሆኖ «በሩን ከፈታችሁት፣ ውስጡ ጨለማ ነው፣ የሆነ ነገር ሲተነፍስ ይሰማችኋል፣ ምን ታረጋላችሁ?» እያለ ይተርካል፣ የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ዳይስ ይጣላል። በቃ ይሄው ነው።

ጥያቄ፦ ሳይንስ ፊክሽን ማንበብ ነፍሴ ነው። ጓደኞቼ ዲኤንዲ (ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባለውን የጠንቋይና የጭራቅ ሮልፕሌይንግ ጌም) ሲጫወቱ አይቼ እኔም ጌም ማስተር ልሁን ብዬ አንድ የምወደውን ልቦለድ ምዕራፍ በምዕራፍ ለጨዋታ አዘጋጀሁት፣ ስንት ሌሊት ነው የፈጀብኝ። ታሪኩ ላይ ጀግናው በመንኮራኩሩ አባቱን ፍለጋ መሄድ አለበት፣ እነሱ ግን ገና የመጀመሪያው ወደብ ላይ መንኮራኩሯን ሸጠው ብሩን ተካፍለው ሆቴል ከፈቱበት። ከመጽሐፍ ጌም መስራት አይቻልም ማለት ነው?
(መጽሐፍ ወዳዱ፣ ከገርጂ)

መልስ፦ ኧረ ይቻላል፣ ሆቴሉም እኮ ደስ ይላል። ችግሩ የመጣው ታሪኩን እንዳለ ስለወሰድከው ነው። ጀግናው ምን እንደሚመርጥ ደራሲው አስቀድሞ ወስኖ ጨርሷል፣ ጓደኞችህ ደግሞ የመጡት ራሳቸው ሊመርጡ ነው፣ እና ካልመረጡ እቤታቸው ሆነው መጽሐፉን አያነቡም? ስለዚህ ታሪኩን ለደራሲው ተውለትና የዓለሙን ሕግ ውሰድ፣ ማለቴ እዛ ዓለም ላይ ምን ይከብዳል፣ ምን ያስከፍላል፣ ምን ጭራሽ አይቻልም የሚለውን።

ጥሩ ጥሩዎቹ ጌሞች ራሳቸው እንዲህ ነው የተሰሩት። ማርክ ሚለር በ1977 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራልህ) ያወጣውን ትራቨለር የሚባል የጠፈር ሮልፕሌይንግ ጌም ውሰድ። ከሱ በፊት ኢ. ሲ. ታብ የሚባል እንግሊዛዊ ደራሲ ዱማሬስት ስለሚባል ድሃ መንገደኛ ተከታታይ ልቦለድ ይጽፍ ነበር፣ የመጀመሪያው የወጣው በ1967 ነው። እዛ ላይ ገንዘብ ያለው በሃይ ፓሴጅ ይሄዳል፣ የሌለው ደግሞ ሎው ፓሴጅ ይቆርጥና ለከብት ማጓጓዣ በተሰራ ሳጥን ውስጥ በረዶ ሆኖ ይጫናል፣ እንደዛ ከሚሄዱት 15 በመቶዎቹ አይነቁም። ትራቨለር ዱማሬስትን አልወሰደም፣ ቲኬቱን ነው የወሰደው፣ ስሙን ሳይቀር። ሃይ ፓሴጅ 10,000 ክሬዲት (የጌሙ ገንዘብ ነው)፣ ሎው ፓሴጅ 1,000። ስትደርስ ሁለት ዳይስ ይጣልልሃል፣ ድምሩ 5 ወይም ከዛ በላይ ከሆነ ነቃህ፣ ካልሆነ አለቀ። ካሉት 36 አጣጣሎች 6ቱ ሞት ናቸው፣ ከስድስት ሰው አንዱ ማለት ነው፣ ልቦለዱ ካለው ብዙም አይርቅም (ጥሩ ሐኪም አብሮ ካለ ትንሽ ይሻላል)። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ደግሞ ሎተሪው ነው፣ ተሳፋሪዎቹ ከመተኛታቸው በፊት ስንቶቻችን በሕይወት እንደርሳለን ብለው ይገምታሉ፣ በትክክል የገመተ ይበላል፣ ያሸነፈው ሰው ራሱ ሞቶ ከሆነ ግን ብሩ ለካፒቴኑ ነው። ይሄን አንድ ሕግ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥና ጓደኞችህን ኪሳቸው ባዶ አርጋቸው፣ የቀረውን ታሪክ እነሱ ይሰሩልሃል።

አሁን ወደ ተሸጠችው መንኮራኩር። ትራቨለር ላይ እሷን መሸጥ እንዲህ ቀላል አይደለም፣ ባንክ ይዟታላ! ትንሿ የንግድ መንኮራኩር ወደ 37 ሚሊዮን ክሬዲት ናት፣ 20 በመቶ ቅድሚያ ከፍለህ ቀሪውን በ480 ወር ነው የምትጨርሰው፣ 40 ዓመት፣ በየወሩ 150 ሺህ አካባቢ። ነዳጁና የሠራተኛ ደሞዙ ሌላ ነው። ስለዚህ «ተነሱ እንሂድ» ብለህ የምትለምንበት ምክንያት የለም፣ ወሩ ሲደርስ ራሳቸው ጭነት ፍለጋ ይሯሯጣሉ። ዲሲ አካባቢ ቤት የገዙ አንባቢዎቻችን ይሄ ጨዋታ ነው ወይስ ኑሮ ሊሉ ይችላሉ፣ እውነት አላቸው።

ሌላ የምወዳት ሕግ አለች፣ ለአንተ ብጤ አንባቢ ትሆናለች። እዛ ዓለም ላይ ከአንድ ኮከብ ወደ ሌላው የሚደረግ ዝላይ፣ ቅርብም ሆነ ሩቅ፣ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጃል፣ ከመንኮራኩር ቀድሞ የሚደርስ ስልክም ሬዲዮም የለም። ዜና ራሱ ተሳፍሮ ነው የሚሄደው። በዚህች ብቻ አንድ ምሽት መጫወት ትችላለህ። ጓደኞችህ ከአንድ ፕላኔት ሲነሱ መንግስት ወድቋል፣ ገንዘቡ ወረቀት ሆኗል፣ ኪሳቸው ግን በዛ ገንዘብ ሙሉ ነው። ከሳምንት በኋላ የሚቀጥለው ወደብ ሲደርሱ ማንም አልሰማም፣ ገንዘቡም በድሮው ዋጋ ይመነዘራል። የምትመነዝርላቸው ሴትዮ ባለፈው ጊዜ ሲርባቸው በዱቤ ያበላቻቸው ናት። ሌላ መንኮራኩር ደግሞ ዜናውን ይዞ በሁለት ቀን ውስጥ ይደርሳል። ይንገሯት? ይመንዝሩ? ግማሹን? ያኔ እርስ በርሳቸው ይጨቃጨቁልሃል፣ አንተ ሻይህን ትጠጣለህ። መጽሐፉን አንብበውት ቢሆን እንኳን ምንም አይበላሽም፣ መጨረሻው የትም አልተጻፈማ።

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ይሄን ነገር ይጫወታል። መጽሐፉን ገለጥ ሳረገው የጭራቅና የሰይጣን ስዕል አየሁበት፣ «ስፔል» ምናምን የሚል ድግምት የሚመስል ነገርም አለው። ልከልክለው ወይስ ለንስሐ አባታችን ልንገር?
(እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ እናታችን፣ መጨነቅዎ ትክክል ነው፣ ብቻዎንም አይደሉም። ልጅዎ የሚጫወተው ዲኤንዲ ይመስለኛል፣ በ1974 ነው የወጣው፣ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ናቸው የሰሩት፣ ከዛ በ1980ዎቹ እዛው አሜሪካ ብዙ ክርስቲያን ወላጆች ልክ እርስዎ ያሉትን ብለው ትልቅ ጩኸት ተነስቶ ነበር፣ በቴሌቪዥን ሳይቀር። ጌሙን የሚያሳትመው ኩባንያ ራሱ በ1989 ሁለተኛውን እትም ሲያወጣ የሰይጣን ስሞቹን አውጥቶ በፈጠራ ስም ተክቷቸው ነበር፣ በኋላ ግን ተመልሰዋል።

ድግምት ስላሉት ነገር ግን አንድ ልንገርዎት፣ ምክንያቱም ዋናው ስጋትዎ እሱ ይመስለኛል። የዲኤንዲ ስፔል ከአስማት መጽሐፍ አልተቀዳም፣ ጃክ ቫንስ የሚባል ደራሲ በ1950 ካወጣው ልቦለድ ነው የመጣው። ጸሐይ ልትጠፋ ስለተቃረበችበት ሩቅ ዘመን የሚተርክ ነው፣ እዛ ላይ ጠንቋዩ ጠዋት ጥቂት ቃላት ብቻ ነው በጭንቅላቱ መያዝ የሚችለው፣ አንዱን ከተጠቀመበት ከአእምሮው ይጠፋል፣ እንደገና ማጥናት አለበት። ልጅዎ ወረቀቱ ላይ ሲሰርዝ የሚያዩት ይሄን ነው፣ ስንት ቀረኝ የሚል ሂሳብ። የሚደገም ነገር የለውም።

አይከልክሉት ባይ ነኝ፣ ዝም ብለውም አይለፉት። አንድ ቅዳሜ ልጆቹን እቤትዎ ይጥሯቸውና ምሳ እያበሉ ቁጭ ብለው ይስሟቸው፣ ካራክተርህ ማነው፣ ምን አረገ ብለው ይጠይቁት፣ ልጅ ስለዚህ ከተጠየቀ አያባራም። ለትልልቅ ሰው የተሰሩ ጨለም ያሉ ጌሞችም ስላሉ የትኛውን እንደሚጫወቱ በስሙ ይወቁ። ስዕሉ ከልብዎ ካልወጣ ከላይ ለገርጂው ልጅ ያወራሁለት ትራቨለር አለ፣ እሱ ላይ ሰይጣን የለም፣ የባንክ ዕዳ ነው ያለው። ለንስሐ አባትዎ መንገሩም አይከፋም፣ ብቻ ልጁም አብሮ ይሂድና ራሱ ያስረዳ።

ጥያቄ፦ ዳይሱና መጽሐፉ እዚህ የት ይገኛል? ውጪ ሀገር ዘመድ የለኝም።
(ሐ.፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ዘመድ አያስፈልግህም። ከሉዶ ሁለቱን ዳይስ አውጣ፣ ለትራቨለር ዓይነት ጌም እነሱ ይበቃሉ። ሴፊየስ ኢንጂን የሚባል በትራቨለር ሕግ ላይ የተሰራ ጌም አለ፣ የሕጉን ጽሑፍ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ታገኘዋለህ። ዲኤንዲ ከፈለግክ ከጥር 2023 ጀምሮ መሰረታዊ ሕጎቹ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ስለተለቀቁ አውርደህ ተርጉመህ ለጓደኛ ብትሰጥ እንኳን ማንም አይከስህም፣ ምንጩን መጥቀስ ብቻ ነው። ሃያ ጎን ያለውን ዳይስ ስልክህ ላይ አፕ አውርድለት። እርሳስ ግን ይግዙ ሁሉም፣ ብዙ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ተጫውቶ ተጫውቶ መጽሐፍ ያወጣ ሰው አለ ወይስ ጊዜ ማጥፊያ ነው?
(ተጠራጣሪው)

መልስ፦ አለ እንጂ። ዘ ኤክስፓንስ የሚባለውን ተከታታይ ፊልም አይተኸው ይሆናል። ዓለሙን ታይ ፍራንክ የሚባል ሰው መጀመሪያ ለጌም ነበር ያዘጋጀው፣ ለጓደኞቹ ሲያጫውት ከተጫዋቾቹ አንዱ የሆነው ዳንኤል ኤብራሃም ይሄማ መጽሐፍ ነው አለና በጋራ የብዕር ስም ጽፈው በ2011 የመጀመሪያውን አወጡ። አንድ ተጫዋች ጨዋታውን ስላቋረጠ ካራክተሩን ገደሉት፣ ልቦለዱም ውስጥ ያ ሰውዬ ገና በጊዜ ነው የሚሞተው። ማን እንደሆነ አልነግርህም፣ አንብበው።